«ዱን» ክፍል ሁለት፦ ከክፉዎቹ ማን ይበልጣል? (ያላየ ሰው እንዳይገባ)

የከዚራ ጥላ

ጀመዓው፣ ርዕሱ ላይ ጽፌዋለሁ። ፊልሙን ያላየ ከዚህ ይመለስ፤ መጨረሻውን ሳይቀር ነው የምዘረግፈው።

ቅዳሜ ማታ ከዚራ አንድ ጓደኛችን ግቢ ፕሮጀክተር ተክለን ግድግዳ ላይ አየነው። ቤት ውስጥማ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ፊልሙ 166 ደቂቃ ነው። አንድም ሰው ስልኩን ሲነካ አላየሁም። እኛ ሰፈር ይሄ ተአምር ነው።

ስለ አሸዋው፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ሃንስ ዚመር ሙዚቃ ብዙ ተብሏል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ፌይድ-ራውታ ገና ብቅ ሲል ግቢው ጸጥ አለ። መላጣ ነው፣ ቅንድብ የለውም፣ ጥርሱ ጥቁር ነው። የቢላውን ስለት የሚፈትነው በአገልጋዮቹ ገላ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ልትጠላው ይገባል። እኛ ግን አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው። ያ ጥቁርና ነጭ የፍልሚያ ሜዳ ሲመጣማ አንዱ ጮክ ብሎ «አቦ ይሄ ልጅ ያምራል!» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

እና ጥያቄዬ፦ ፊልም ክፉውን እንዲህ አሳምሮ ሲያሳይ ክፋቱን እያጠፋው ነው ወይስ እያጎላው? በረሃማዋን ፕላኔት አራኪስን ከሚዘርፉት ከሃርኮነኖች ቤትስ ማን ይበልጣል ትላላችሁ? አጎትየው ባሮን፣ ወይስ ከሁለቱ ወንድማማቾች ፌይድ ወይስ ራባን? የእኔ ድምፅ ለፌይድ ነው።

የመጋላ ልጅ

ራባን የሚል ካለ እጁን ያውጣ። እናዝንለታለን።

ሳቢያን ፎቶ

ሥራዬ ፎቶ ስለሆነ ያንን ጥቁርና ነጭ ትዕይንት ሳላብራራ አላልፍም። ታገሱኝ።

ብዙ ሰው በቀለም ቀርጸው ኋላ ኮምፒዩተር ላይ ቀለሙን ያጠፉት ይመስለዋል። አይደለም። ካሜራውን የመራው ግሬግ ፍሬዘር በኢንፍራሬድ ነው የቀረጸው። ኢንፍራሬድ ከቀይ ማዶ ያለ፣ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ዲጂታል ካሜራ ግን ያየዋል። ምስል እንዳያበላሽ ተብሎ ፋብሪካው የሚያግደው ማጣሪያ ይገጥምበታል። ያንን ማጣሪያ አውጥተህ በተቃራኒው የተለመደውን ብርሃን የሚያግድ ስትገጥም፣ ካሜራው በኢንፍራሬድ ብቻ ማየት ይጀምራል። ቤት መሞከር የፈለገ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ስልኩ የፊት ካሜራ አዙሮ ይጫን። በዓይኑ የማያየው መብራት ስክሪኑ ላይ ብልጭ ሲል ያያል።

ጉዱ ያለው ቆዳ ላይ ነው። ይህ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ትንሽ ዘልቆ ይገባል። ፊት ለስልሶ ይነጣል፣ ዓይን ይጠቁራል። ልብስማ ጭራሽ አይታመንም። ለዓይን ጥቁር የሆነ ጨርቅ እንደ ማቅለሚያው ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የአልባሳት ክፍሉ ጥቁር ጨርቆቹን በዚያው ካሜራ እየሞከረ መምረጥ ነበረበት። ቀለም ከመጀመሪያው ስላልተቀረጸ ደግሞ ማንም አለቃ ኋላ መጥቶ «ባለ ቀለሙን አምጡ» ሊል አይችልም። ይሄ ድፍረት ነው።

ያንን ካሜራ ከዚራ ብናመጣው የእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ቅጠል ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሰማዩ ይጠቁራል። ቅጠል ኢንፍራሬድን አብዝቶ ይመልሳልና። የሃርኮነኖቹ ፕላኔት ጊዲ ፕራይም ላይ ቅጠል የሚባል አላየንም እንጂ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ፌይድ ያማረው በብርሃኑ ነው። ከፀሐዩ ወደ ጥላ ሲገባ ቀለሙ ይመለሳል። ያኔ ልብ ብለህ እየው፤ የታመመ ሰው ነው የሚመስለው።

የከዚራ ጥላ

ሪሞቱን አሁን ሞከርኩት። ወላሂ ይሠራል! እናቴ ሪሞቱን ደበቀችው።

ሸዋ በር

ከሐረር ሰላም። ድሬዎች መቼም ለመልክ ትሸነፋላችሁ።

የእኔ ባሮን ቭላዲሚር ነው፤ ለድርድር አይቀርብም። ፌይድ ይገድላል። ሌላ ምን ያደርጋል? ባሮኑ ግን ያስባል። ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ልብ ወለድ ላይ ዕቅዱ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ራባንን አራኪስ ላይ የሚሾመው ሕዝቡን እንዲያስመርር ነው። ሕዝቡ ጨንቆት ወደ ሰማይ ሲያይ፣ ያን ጊዜ ፌይድን አዳኝ አድርጎ ሊልክ ነው። ራባን ይህን አያውቅም። ሊጠላ እንደተላከ ሳያውቅ ነው አጎቱን ለማስደሰት የሚፍጨረጨረው። ክፋት ማለት ይሄ ነው። የራስህን ሥጋ ለምራቅ መትፊያ ታቀርበዋለህ።

ፊልሙ ይህንን አድበስብሶታል፤ ግን ምልክቱ አለ። በፌይድ ልደት ቀን ሃርኮነኖች ካስፈጁት ከአትሬይደስ ቤት ሦስት ምርኮኞች ሜዳ ላይ ይቀርባሉ። ሁለቱ በመድኃኒት ደንዝዘዋል። ሦስተኛው ነቅቷል። ያንን ያስደረገው ባሮኑ ነው። ፌይድ ተናዶ ሲመጣበት ስጦታ ነው ይለዋል። ሕዝብ ፊት ጀግና አደረግኩህ ነው ነገሩ። ለወንድሙ ልጅ ሞትን በልደት ቀን የሚያቀርብ፣ ከተረፈም ውለታ የሚቆጥር ሽማግሌ! ፌይድ በስንት ጥርሱ ይደርስበታል?

ቅሬታም አለኝ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከዚያ ጥቁር ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ብቅ ሲል ወንበሬን ጨብጬ ነበር። ሁለተኛው ላይ አደከሙት። አብዛኛውን ጊዜ ገንዳ ውስጥ ነው። ስቴላን ስካርስጋርድን የሚያህል ተዋናይ ይዘው ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻ ማሳየት ግፍ ነው። ደግሞ ኦስቲን በትለር ለፌይድ ድምፁን የቀረጸው ከእሱ ሰምቶ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ፤ የአጎቱ አነጋገር ነው። ፌይድን ስታደንቁ ባሮኑን ነው የምትሰሙት።

የመጋላ ልጅ

ገንዳ ውስጥ መዋል ክፋት ከሆነ ድሬ ላይ በግንቦት ሁላችንም ባሮን እንሆን ነበር፤ ውሃው ቢገኝ።

የጅቡቲ መንገድ

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ኑሮዬ ከድሬ ጅቡቲ ነው። ስለ ክፋት እናንተ ተከራከሩ፤ እኔ ስለ በረሃው ልናገር።

ዝንቡ የት ሄደ? ፍየሉስ? በረሃ ባዶ አይደለም። ሽንሌን አልፈህ ምንም የለም ባልክበት ቦታ ላይ ለሽንት ስትወርድ አንድ ሕፃን ልጅ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አጠገብህ ቆሞ ያይሃል። እነዚህ ሰዎች ያሳዩን በረሃ በጣም የጸዳ ነው። አንዲት አይጥ አሳይተውናል፤ ለእሷ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋሹም። ብርሃኑ ልክ ነው። በረሃ ውስጥ ፀሐይ ከላይ ብቻ አይመታህም፤ ከመሬቱም ተመልሶ ከአገጭህ ሥር ይመጣል። ሰዎቹ ፊት ላይ ያ አለ። እንዴት አወቁት?

ሳቢያን ፎቶ

የጅቡቲ መንገድ፣ ጥሩ ዓይን አለህ። አንደኛው መልስ እውነተኛ በረሃ ሄደዋል ነው፤ ዮርዳኖስ ውስጥ ዋዲ ረም፣ አቡዳቢ ውስጥ ደግሞ የሊዋ አሸዋ። ሁለተኛው የበለጠ ደስ ይላል። ኋላ በኮምፒዩተር የሚሞላ ትዕይንት ሲቀረጽ አብዛኛው ሰው ከተዋናዩ ጀርባ አረንጓዴ ጨርቅ ይወጥራል። አረንጓዴው ፊት ላይ ያንጸባርቃል፤ ያንን ማጽዳት መከራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲሠራ የኮምፒዩተር ምስል ቅንብሩን የመራው ፖል ላምበርት አሸዋ ቀለም ያለው ጨርቅ ነው ያስወጠረው። ስለዚህ ፊት ላይ የሚመለሰው ብርሃን ራሱ የአሸዋ ነው። ያ ክፍል ስድስት ኦስካር ወስዷል፤ አንዱ ለምስል ቅንብር ነው። ሁለተኛው ክፍል በ2025 ሁለት ወሰደ፤ ለድምፅና ለምስል ቅንብር። ለካሜራ ታጭቶ ሳያገኝ መቅረቱ ግን እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ደቻቱ ማዶ

ወንዶች ስትባሉ ቢላ የያዘውን ብቻ ነው የምታዩት።

እስኪ ከሥሩ ጀምሩ። የአትሬይደስን ቤት ማን አስፈጀ? እጁ የባሮኑ ነው። ወታደሩ የንጉሠ ነገሥቱም ጭምር ነው። ምክሩ ግን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የእናት ሞሂያም ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ኢሩላን ፊት ለፊት ትጠይቃታለች። አሮጊቷ ዓይኗን በጨው ታጥባ «እንዴታ» ትላታለች። ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚያልፍ ንግግር ነው። ቢላ ስለሌለበት ማንም አያስታውሰውም።

ከሞሂያም ማኅበር ማርጎት ፌንሪንግም አለችላችሁ። ብቅ ብላ ትጠፋለች። ሁላችሁም አፋችሁን ከፍታችሁ ያያችሁት ፌይድ በእሷ እጅ ምን ሆነ? እጁን በሕመም የሚፈትን ሳጥን ውስጥ አስከተተችው። ድክመቱን አንድ በአንድ ለቅማ ለአለቆቿ ሪፖርት አደረገች። ጸንሳም ሄደች፤ ሴት ልጅ፣ ልክ እንደታዘዘችው። እሱ ያደነ መስሎታል።

የበረሃው ሰዎች ፍሬመኖች የሚጠብቁት ትንቢትስ? ቤኔ ጄሰሪቶች፣ የእነ ሞሂያም የሴቶች ማኅበር፣ አስቀድመው የዘሩት ነው። ባሮኑ ከአሸዋው የሚወጣውን ውድ ቅመምና የሰውን ውሃ ይዘርፋል። እነዚህ ግን የተጠማ ሕዝብ የሚያልመውን ሕልም ሳይቀር ራሳቸው ጽፈው ሰጡት። ቀን ሲደርስ የሚጎትቱት ገመድ ነው። ባሮኑ ሲመጣ ቢያንስ ትሸሸዋለህ።

መጨረሻ ላይ የአትሬይደሱ ልጅ የፖል እናት ጄሲካ ለሞሂያም የተሳሳተ ወገን መረጥሽ ስትላት የምትመልሰውን አስታውሱ። ወገን የሚባል ነገር የለም ነው የምትላት። ከፌይድ ጥርስ ይልቅ ያ ነው እኔን ያስፈራኝ።

ስለ ፖልም የምለው አለኝ። ልጄን ላስተኛና እመለሳለሁ።

የመጋላ ልጅ

ይሄ ክር ከፌይድ ጀምሮ አክተሩ ጋ ሊደርስ ነው። ቆይ ፖልን ምን አደረጋችሁ?

ጋሽ ለገሃር

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ብዙ አልጽፍም፤ ጣቴ ይዘገያል።

በወጣትነታችን ሲኒማ ስንገባ ክፉውን ለመለየት ጊዜ አይፈጅብንም ነበር። የካውቦይም ይሁን የህንድ ፊልም አንድ ነው። ጠባሳ ያለው፣ ጢሙን የሚያፍተለትል፣ ሲስቅ የሚያስጠላ። ገና ብቅ ሲል ከኋላ ወንበር ፉጨት ይነሳል። ፊቱ ፍርዱ ነበር። አክተሩ ደግሞ ፊቱ የጠራ ነው፤ ምንም ቢያደርግ ይቅር እንለዋለን። ሃምሳ ሰው ቢገድል «አበጀህ!» ነው።

ይሄንኑ ታሪክ ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1984 ሠርቶታል። ያኔ ባሮኑን ፊቱን በቁስል ሞልተውት ነበር። ፌይድን የተጫወተው ዘፋኙ ስቲንግ ነው። እነዚያ ክፉዎች ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ይንቀለቀላሉ። እኔን አላስፈሩኝም።

አሁን የሠራው ዴኒ ቪልኔቭ አሮጌውን ዘዴ አልጣለውም። እንዲያውም አብሶበታል። ነጭ ገላ፣ መላጣ ራስ፣ ጥቁር ጥርስ፣ ጥቁር ፀሐይ። ገና ስታያቸው ትፈርዳቸዋለህ። ዓይንህ እነሱ ላይ ተተክሎ ሳለ ግን ፊቱ የጠራው ልጅ በጎን እየተቀየረ ነው። የጠራ ፊት ስላለው ይቅር እያልከው ትሄዳለህ። እኔ የልጅነቴን ፉጨት ለማን እንደማፏጭ ጠፍቶኝ ነው ከፊልሙ የወጣሁት።

እንግዲህ የመጋላው ልጅ፣ አክተሩን ምን እንዳደረግነው ይሄው።

የአዲሳባው እንግዳ

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሰፈራችሁን ስለለመድኩ ልግባበት። ጋሼ፣ የጻፉት በጣም ደስ ይላል፤ ግን እርስዎን ልቃወምዎ።

ፖልን ከእነ ባሮን ጋር መደመር ፍትሕ አይመስለኝም። ልጁ ትንቢቱን አጥብቀው የሚያምኑት ወዳሉበት ወደ ደቡብ አልሄድም ብሎ ስንት ጊዜ ተከራከረ! በራእዩ ረሃብና እልቂት ስላየ ነው። የፍሬመኖቹ መሪ ስቲልጋር ይለምነዋል፣ እናቱ ትጎተጉተዋለች፤ እምቢ ይላል። መሪ መሆን አልፈልግም፣ ከእናንተ እንዳንዱ ሆኜ ልዋጋ ነው የሚለው። ሐሳቡን ያስቀየረው ማነው? ፌይድ! ራባንን ተክቶ እንደመጣ የፍሬመኖቹን መኖሪያ ሲየች ታብርን በመድፍ ደበደበው። ፍሬመኖች መጠጊያ ሲያጡ ፖል ሌላ መንገድ አልቀረውም።

ስለዚህ ለከዚራ ጥላ መልሴ ፌይድ ነው፤ በመልኩ ግን አይደለም። ክፉ ላለመሆን ሲታገል የነበረውን ሰው ገፍቶ የከተተው እሱ ነው።

ጋሽ ለገሃር

አንተ በለኝ የእኔ ልጅ። ድሬ ላይ አንቱ ካልከኝ እንግዳ ያደረግከኝ ይመስለኛል።

ክርክርህ ጥሩ ነው። ደቻቱ ማዶ ልጇን አስተኝታ ትምጣልህ።

ሸዋ በር

እንግዳው የተናገረው መድፍ ላይ ትንሽ ልጨምር። እዚያ ጋ ነው ፌይድን ያከበርኩት። ራባን የታወረ በሬ ሆኖ በአቧራ ውስጥ ሲደናበር አይተነዋል። በአካል ወርዶ ሊዋጋ ሞክሮ ወታደሩን አስጨርሶ ሸሸ። ፌይድ ግን መጀመሪያ ያደረገው ወንድሙን እግሩ ሥር አንበርክኮ ጫማውን ማሳም ነው። ቀጥሎ ማንም የረሳውን አሮጌ መድፍ አወጣ። ዘመናዊው ነገር አልሠራ ሲል ወደ ጥንቱ መመለስ ብልጠት ነው።

ራባንን የተጫወተው ዴቭ ባውቲስታ ግን ያሳዝነኛል። ያ ሁሉ ጩኸት አልፎ የአትሬይደሶቹ ወታደር ጌርኒ ሃሌክ በአንድ ጊዜ ነው የጨረሰው። ጌርኒ ስንት ዓመት የያዘው ቂም ነበር። ትንሽ አያቆይም?

ሳቢያን ፎቶ

የመጨረሻው ጦርነት በሙሉ ቸኩሏል። መጀመሪያው ላይ ያንን ሁሉ ትዕግሥት ያሳየ ፊልም! ብርቱካናማው ሰማይ ሥር የሃርኮነን ወታደሮች ድምፅ ሳያሰሙ እየተንሳፈፉ ዓለቱ ላይ ሲወጡ ትዝ ይላችኋል? ማንም አይናገርም። ከባድ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ክብደት አጥቶ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ። ሃርኮነኖችን ለማስተዋወቅ ከዚያ የተሻለ ነገር አላየሁም። የምድር ሕግ እንኳ አይገዛቸውም ማለት ነው። ትሎቹ አውሎ ነፋሱን ሰንጥቀው የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ሲያጥለቀልቁት ግን ቡና ሳይፈላ አለቀ።

የመጋላ ልጅ

ንጉሠ ነገሥቱንስ አንድ ሰው ያንሳው እንጂ። ክሪስቶፈር ዎከን ጡረታው ዘግይቶበት ቢሮ የተቀመጠ ሰው መሰለኝ። የዩኒቨርሱ ጌታ ነው ተብለን የለ?

የከዚራ ጥላ

እኔ ያንን ወድጄዋለሁ። በአትክልት ቦታው ቁጭ ብሎ ሲጫወት ታየዋለህ። ስንት ሺህ ሰው ያስፈጀ ሽማግሌ ደክሞታል። ጨካኝ አይመስልም፤ ጨካኝ መምሰልም አያስፈልገውም። ለዚያ ሃርኮነኖች አሉለት።

ደቻቱ ማዶ

ተመለስኩ። ልጄ ተኝቷል፤ መብራትም አለ።

የአዲሳባው እንግዳ፣ ፌይድ ገፋው ያልከው እውነት ነው። ተገፍቶ መግባትና ገብቶ የሚያደርገው ግን የተለያየ ነው። ደቡብ ሄዶ ያለፈውንና የሚመጣውን የሚያሳየውን የሕይወት ውሃ ጠጣ። እናቱ የባሮኑ ልጅ መሆኗን፣ እሱም የልጅ ልጁ መሆኑን አየ። ከዚያ ምን አላት? ሃርኮነን ነን፣ እንግዲህ እንደ ሃርኮነን ሆነን ነው የምንተርፈው አላት። ሌላ ማስረጃ የምትፈልግ አይመስለኝም። ራሱ ነው የተናገረው።

አሁን ሁለት ትዕይንት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩልኝ። አንዱ የፌይድ ሜዳ ነው። አንድ ወጣት መሐል ላይ፣ ዙሪያውን ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ፣ ስሙን ሲጠራ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሌላው ፖል ደቡብ ላይ በመሪዎች ጉባኤ መሐል ሲቆም ነው። አንድ ወጣት መሐል ላይ፣ ዙሪያውን ሕዝብ፣ ጩኸት። የመጀመሪያው ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ፈራነው። ሁለተኛው ሞቅ ያለ ቀለም አለው፤ ስለዚህ ፀጉራችን ቆመ፣ አብረን ልንጮህ ምንም አልቀረን። እናንተም ግቢ ጮኻችሁ አይደል? እውነቱን ተናገሩ።

ጋሽ ለገሃር ያልከው ይሄ ነው። ፊቱ የጠራ ስለሆነ ነው። ብርሃኑ ስለተቀየረ ነው።

አያቱን ሲገድልም እዩ። ባሮኑ የሚያንሳፍፈው መሣሪያ ከድቶት በሆዱ እየተሳበ ወደ ዙፋኑ ይሄዳል። ፖል አያቴ ብሎት አንገቱን ወጋው። ፌይድ ግን ሜዳ ላይ ነቅቶ የተዋጋውን ምርኮኛ ጥሩ ተዋጋህ ብሎ ነው የሸኘው። ክብር የሰጠው ማን ሆነ? ከዚያም ታላላቆቹ ቤቶች ንግሥናህን አንቀበልም ሲሉት ወደ ገነት ውሰዷቸው ብሎ አዘዘ። ስቲልጋር ያ ሳቂታ ሽማግሌ ደስ እያለው ወደ መርከቡ ሮጠ። የሚሄደው ሊፈጅ ነው።

ይህን ሁሉ ያየች አንዲት የፖል ፍቅረኛ ቻኒ ነች። መጽሐፉ ላይ ቻኒ ከጎኑ አትለይም፤ ፊልሙ ነው ጥርጣሬውን የሰጣት። ለምን ይመስላችኋል? አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ሳይንበረከክ እንዲቀር ነው።

የመጋላ ልጅ

አዎ ጮኸናል። ጎረቤት ግድግዳ መታብን።

የአዲሳባው እንግዳ

ሁለቱን ትዕይንቶች አሁን መልሼ አየኋቸው። አቀማመጡ መመሳሰሉን አልክድም። ግን ፌይድ ሲገድል ይደሰታል፤ ፖል አይደሰትም። ይህ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው። የማይደሰት ሰው ቢያንስ ሊቆም ይችላል።

ደቻቱ ማዶ

የሚሞተው ሰውዬ ገዳዩ ቢደሰት ባይደሰት ምን ያደርግለታል?

ሸዋ በር

እዚህ ላይ ደራሲውን ለምስክርነት ልጥራ። ቪልኔቭ ደጋግሞ የተናገረው ነው፦ ኸርበርት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ፖልን ጀግና አድርጎ ስለወሰደበት ከፋው። እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ያንን ለማረም ነው። ዳይሬክተሩ ቻኒን የቀየራት ለዚሁ ነው፤ ኸርበርት በሁለተኛ መጽሐፍ ያረመውን እሱ በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ሊያስገባው።

ይህን ስል ግን ለባሮኑ የሰጠሁትን ድምፅ አላነሳም። ፖል ወደ ክፋት ሲገባ የገባበት በር የአያቱ ነው። ደሙም ስልቱም የሽማግሌው ነው። ሃርኮነን ሆነን እንተርፋለን ያለው የማንን ትምህርት ይዞ ነው? ባሮኑ ሞቶም አሸንፏል።

ሳቢያን ፎቶ

ሸዋ በር አንተ ሁሉንም መንገድ አዙረህ ገንዳው ውስጥ ነው የምትከተው።

የጅቡቲ መንገድ

እኔም አንድ ልበል፤ ነገ ሌሊት እነሳለሁ። ከሁሉም የከፋው ቅመሙ ነው። እሱ ባይኖር አሸዋው ላይ ማን ይመጣ ነበር? ባሮኑም፣ ንጉሡም፣ ፖልም አድራሻውን አያውቁትም። በረሃ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ከተገኘ የሚመጣው ሰው ሁሉ አዳኝ ነኝ እያለ ነው።

ጋሽ ለገሃር

ሹፌሩ ሁላችንንም አስከነዳን። መንገድህን በሰላም ያድርግልህ።

የከዚራ ጥላ

እሺ፣ የእኔን ድምፅ ቆጥራችሁልኝ ፌይድ ላይ እቆያለሁ። ክፉ መሆኑን የማይደብቅ እሱ ብቻ ነው። ትንቢት አይሰብክም፣ ሕዝብ አያታልልም። ልግደልህ ሲል ሊገድልህ ነው። ሜዳ ላይ ጠባቂዎቹ ሊረዱት ሲመጡ እንኳ አባረራቸው። መጨረሻ ላይ ከፖል ጋር ሲፋለሙ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ሁለቱም የአንድ ሽማግሌ ዘር ናቸው፤ ቤኔ ጄሰሪቶች ሁለቱንም አዘጋጅተዋቸዋል፤ ማንም ቢያሸንፍ ለአሮጊቷ ያው ነው። እኔ ግን ለአክተሩ አጨበጨብኩ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሦስተኛው ፊልም ለ2026 ዲሴምበር ቀጠሮ ተይዞለታል። ሃርኮነኖቹ አልቀዋል። ባሮኑም፣ ፌይድም፣ ራባንም የሉም። እንግዲህ ማንን ልንጠላ ነው የምንገባው? ያነበበ ይንገረኝ፤ ግን ብዙ እንዳታበላሹብኝ።

ሸዋ በር

ሳላበላሽ ልንገርህ። መጽሐፉ ላይ ፖልን ለመጣል የሚያሴሩ ሰዎች አሉ። ሞሂያም ከመሐላቸው አለችበት። ገጹን እየገለጥክ ሴራው ይክሸፍ ወይስ ይሳካ የምትለው ይጠፋሃል። እኔ አንዳንዴ ለሴረኞቹ ስጸልይ ራሴን አግኝቻለሁ። ኢሩላንን ደግሞ በዓይንህ ተከተላት፤ እዚህኛው ፊልም ላይ ዝም ብላ ማስታወሻ የምትጽፍ መስላህ ከሆነ ትገረማለህ።

ደቻቱ ማዶ

ይኸው! ብዕር የያዘችውን ሴት ማንም አልቆጠራትም።